አባዬን ሱልጣን ያደረገው መጽሐፍ

ቃይረዋን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1991

ለተከበሩ አጎቴ ሸድሊ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶ የሚያነብ የመንግሥት ሰው ካለ ለእሱም ሰላምታዬ ይድረሰው። ሲጨርስ ግን አደራ መልሶ ያሽገው፤ ባለፈው የእርስዎ ፖስታ በግማሽ ተቀዶ ነው የደረሰን።

መጀመሪያ አባዬ ያስጻፈኝን ልጻፍ። እንደሚያውቁት እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ሸድሊ ወንድሜ፣ ናፍቀኸኛል። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። መቅሩዱን እየጠበስኩ እሸጣለሁ፣ ሰው ጣፋጭ መብላት አልተወም። ስለ ቤቱ አታስብ። እኔ በቤቴ ሱልጣን ነኝ፣ ካለ ፈቃዴ ዝንብ አትገባም።» ይኼን ሲል ሽንኩርት እያስላጥኩት ነበር። እንባው እየወረደ ነው ሱልጣን ነኝ ያለው።

ከዚህ በታች ያለው የራሴ ነው። አባዬ አላየውም፤ ቢያየውም አያነበውም።

ከትምህርት ቤት ወጥቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ሲከፈት ሻሽ አስሬ ሄድኩ። ለምን አሰርሽ ይሉኝ ይሆናል። ግማሹ ለአላህ ነው፤ ግማሹን እኔም አላውቀውም። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሁሉን ነገር አውቄ መጨረስ አለብኝ እንዴ? ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አስቆመኝና «ይኼን ጨርቅ አውልቂ፣ ሚኒስቴሩ ከልክሏል። ለራስሽ ነጻነት ነው» አለኝ። «ለራሴ ከሆነማ እኔው ልወስን» አልኩት። «አንቺ ነጻነት ምን እንደሆነ ገና አልገባሽም» ብሎ ከራሴ ላይ መንጭቆ ወሰደው። ሁለት መቶ ተማሪ እያየ። እጄ ላይ የሂሳብ መጽሐፍ ነበር፣ በሱ አቀመስኩት። ባርኔጣው ወደቀ። ሰውየው መላጣ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅነው። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሱ ብቻ አልሳቀም።

አሁን ልመለስ ካልኩ አንድ ወረቀት ላይ መፈረም አለብኝ። «ሻሽ ዳግመኛ አላስርም፣ ያሰርኩትም ካለማወቅ ነው» ይላል። ካለማወቅ! በሂሳብ ከክፍሉ አንደኛ የምወጣዋ እኔ! እጄ ይድረቅ እንጂ አልፈርምም።

አጎቴ፣ እዚያ እርስዎ አገር ሻሽ ያሰረች ልጅ ትምህርት ቤት ትገባለች ይባላል። ገንዘብ አልለምንዎትም። አንዲት የግብዣ ወረቀት ብቻ ይላኩልኝ። የቀረኝ የመጨረሻው ዓመት ነው፤ እሱን ጨርሼ መሐንዲስ መሆን ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም የምፈልገው ነገር የለም።

አላህ እድሜ ከጤና ይስጥልን።
የወንድምዎ የሳሲ ልጅ፣ ደሌንዳ

*

ጎቲንገን፣ ዲሴምበር 3 ቀን 1991

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ ደሌንዳ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺና በቤታችሁ ላይ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ፤ የማስተማሩ ሥራ ትንፋሽ አሳጥቶኛል። ወንድም ጋሼን እጁን ሳሚልኝ። እኔ ተምሬ እዚህ የደረስኩት እሱ ሳይማር ቀርቶ መሆኑን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለምን መሰለሽ? አሥራ አንድ ዓመት የደከምኩበት መጽሐፍ ስለዚሁ ነው። የአውሮፓ የታሪክ ፈላስፎች ታሪክን እንደ አንድ ረጅም ጉዞ ያዩታል። ከምሥራቅ ተነሥቶ ምዕራብ ይደርሳል፤ መድረሻው ነጻነት ነው። እስልምናን ግን ምን አሉት? አንድ ጊዜ እንደ እሳት ነደደ፣ ዓለሙን አበራ፣ ከዚያ ከሰለ፣ ከመድረክ ወረደ ብለው ዘጉት። ስለ ነጻነት አብዝተው የጻፉት ሰዎች እንኳ «ነጻነት ለአካለ መጠን ለደረሱ ሕዝቦች ነው፤ ሌሎቹ እስኪያድጉ ጠንካራ ሞግዚት ያሻቸዋል» ብለዋል። እኔ ይህ ስህተት መሆኑን ላሳይ ነው የተነሣሁት። ነጻነት በእኛም ውስጥ አለ። ያንቺ ነገር ደግሞ ለዚህ ሕያው ምስክር ነው።

ስለ ግብዣው ወረቀት አስቤበታለሁ። እንደምታስቢው ቀላል አይደለም፤ ቢሮው ብዙ ነው። እስከዚያው የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ጻፊልኝ። በቤት ውስጥ ምን ተባለ? አባትሽ ምን አለ? ምንም አታስቀሪ።

አላህ ይጠብቅሽ።
አጎትሽ ሸድሊ

*

ቃይረዋን፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1991

ለተከበሩ አጎቴ ሸድሊ፣

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤዎ ሲደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ አባዬ ፖስታውን እያውለበለበ ነው ከሱቁ የመጣው። እጁን ስሜልዎታለሁ፤ እሱም በተራው ፖስታውን ሳመ።

ስለ ፈላስፎችዎ ሳስብ ሰነበትኩ። ታሪክ ከምሥራቅ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ቃይረዋን ላይ አልቆመም ማለት ነው? አይገርመኝም፣ የቱኒሱ አውቶቡስም አንዳንዴ አይቆምም። ከመድረክ ወርዳችኋል የሚሉት ደግሞ፣ ትኬቱን የሚቆርጠው ማን ሆኖ ነው? እኛ ወርደን ከሆነ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ማንን ነው? ያ ሞግዚት ያሻቸዋል ያለው ሰውዬ ግን ወላሂ ለርዕሰ መምህራችን ዘመዱ ነው። በደንብ ቢያጣሩ በናቱ በኩል ሳይሆን አይቀርም።

በዝርዝር ጻፊ ስላሉኝ ልጻፍ። አባዬ ትምህርት ቤት ተጠርቶ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ከፊቱ አቁሞት «ልጅህን አሠልጥን» አለው። አባዬ ቤት መጥቶ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «ልጄ፣ አውልቂውና ተማሪ። አላህ ያውቅሻል፣ ጨርቁን አይደለም የሚያየው» አለኝ። እኔ ጮህኩበት፤ እሱ አልጮኸብኝም። በማግስቱ ከገበያ የፀጉር ማስያዣ ገዝቶልኝ መጣ፣ ቀይ ቢራቢሮ ያለበት፣ የአምስት ዓመት ልጅ የምታደርገው ዓይነት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እንዲያው ቆንጆ መስሎኝ ነው» ብሎ ወጣ። እማዬ ከሞተች ጀምሮ ለሴት ልጅ ምን እንደሚገዛ አያውቅም። በየሳምንቱ ይለምነኛል። «እኔ ያላነበብኩትን አንቺ አንብቢልኝ፣ ለኔ ብለሽ ፈርሚ» ይላል። እኔ ግን ካለማወቅ ነው የምትለዋን ቃል አስባለሁ፤ ደሜ ይፈላል፤ እንቢ እላለሁ። እሱም እሺ ይላል። ሱልጣኑ ይኼ ነው እንግዲህ።

አሁን ጎረቤታችን እትዬ መብሩካ ጋ ምንጣፍ እሸምናለሁ። ሂሳብ የምሠራው በቋጠሮ ሆኗል። ሴትዮዋ «አንቺ ልጅ እጅሽ ፈጣን ነው፣ ምላስሽ ግን ይቀድመዋል» ትለኛለች።

የግብዣው ወረቀት ከምን ደረሰ? የሚመጣው የትምህርት ዓመት ሲጀመር እዚያ መሆን እፈልጋለሁ።

አላህ ይጠብቅልን።
ደሌንዳ

*

ጎቲንገን፣ ማርች 10 ቀን 1992

ለውድ ደሌንዳ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾማችሁን አላህ ይቀበልላችሁ። ከዚህ ከአንድ ስንዝር በረዶ ውስጥ ሆኜ ስጽፍልሽ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ባለፈው ወር ሦስት መቶ ሊቃውንት በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ከደብዳቤሽ ተርጉሜ አነበብኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡ። ከእነዚያ መካከል ልጃገረዶችን ከቤተሰብ ጭቆና የሚያስጥል አንድ ድርጅት ኃላፊ ነበረች። «ይህችን ልጅ እናምጣት፤ ትምህርቷን፣ መኖሪያዋን፣ ሁሉንም እንችላለን» አለችኝ። አየሽ፣ በር እየተከፈተ ነው።

መጽሐፌንም አዲስ ምዕራፍ ጨምሬበታለሁ። ለዚህ ሲባል የሚጠቅመኝን ነገር ልጠይቅሽ። ወንድም ጋሼ በቤት ውስጥ ሥልጣኑን የሚጠቀመው እንዴት ነው? ይቆጣል? ይከለክላል? ከሰው ጋር እንዳትገናኚ ያደርጋል? ሳታፍሪ ጻፊልኝ።

ለኢድ ለእሱ ሹራብ ልኬያለሁ።
አጎትሽ ሸድሊ

*

ቃይረዋን፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1992

ለተከበሩ አጎቴ ሸድሊ፣

ኢድ ሙባረክ። ሹራቡ ደርሶናል። ለአባዬ ጠቦታል ግን አላወልቅም ብሏል፤ በዚህ ሙቀት ሹራብ ለብሶ ዘይት ፊት ቆሞ መቅሩድ ይጠብሳል፣ ላገኘው ሰው ሁሉ «ከጀርመን ነው» ይላል።

ድርጅቱ ሁሉንም እንችላለን ማለቱን ሳነብ ከወንበሬ ዘለልኩ። እትዬ መብሩካ ጊንጥ የነከሰኝ መስሏት ጫማዋን ይዛ መጣች። አላህ ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሴትዮዋ ለምን አለቀሰች? እኔ እኮ እንድትስቁ ነው የጻፍኩት። የመላጣውን ነገር ዘለውት ነው?

ደግሞ «ከቤተሰብ ጭቆና» የምትለዋ ምን ለማለት ነው? እኔን የጨቆነኝ ቤተሰቤ አይደለም፣ ርዕሰ መምህሩ ነው። ለሴትዮዋ በደንብ ያስረዱልኝ።

አባዬ ሥልጣኑን እንዴት ይጠቀማል ላሉኝ፣ ድመታችን ከሱ ቀድማ ነው የምትበላው። ሬዲዮኑን የምዘጋው የምከፍተው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ተቆጥቶኛል፣ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ የጋለ መጥበሻ ልነካ ስል። ከሰው ጋር እንዳልገናኝ አይከለክለኝም፤ እንዲያውም «ውጪ፣ ተጫወቺ፣ ምላስሽ ቤቱን ሞላው» ይለኛል። ይኼ ለመጽሐፍ ከጠቀመ ይጻፉት።

ወረቀቱን በጉጉት እጠብቃለሁ።
ደሌንዳ

*

ጎቲንገን፣ ጁን 14 ቀን 1992

ለውድ ደሌንዳ፣

ሰላምና በረከት ላንቺ ይሁን። ከዚህ ጋር የምትፈርሚውን ወረቀት ልኬያለሁ። ጀርመንኛው ከላይ፣ ዐረብኛው ከታች ነው። እንዲህ ይላል፦

«እኔ ደሌንዳ የሳሲ ልጅ፣ ሻሽ ያሰርኩት አባቴ አስገድዶኝ መሆኑን፣ ከትምህርቴም የቀረሁት አባቴ ስለከለከለኝ መሆኑን፣ በአባቴ ቤት ካለ ፈቃዱ ዝንብ እንኳ የማትገባ መሆኑን በራሴ ፈቃድ አረጋግጣለሁ።»

ከመናደድሽ በፊት አድምጪኝ። ድርጅቱ ገንዘቡን የሚያወጣው ከቤተሰብ ጭቆና ለሚሸሹ ነው። ስለ ርዕሰ መምህሩ የጻፍሽውን ማካተት አልቻልንም። የመጽሐፉ ገምጋሚዎችም ነገሩን ያወሳስበዋል አሉ፤ ሰውየው የቆመው በነጻነት ስም ስለሆነ አንባቢው ማንን መደገፍ እንዳለበት ግራ ይገባዋል። ምዕራፉ አሁን «ሱልጣኑና ልጁ» ይባላል። ነጻነት ከእስልምና ውስጥ፣ ከገዛ ቤቱ፣ በሴት ልጅ በኩል ሲወለድ ያሳያል።

ታሪክ የሚያየው ዓይነትን ነው እንጂ ግለሰብን አይደለም። አባትሽ እዚያ ውስጥ ሳሲ አይደለም፣ ያለፈው ዘመን ነው። አንቺም ደሌንዳ አይደለሽም፣ የሚመጣው ነሽ። ወንድም ጋሼ ጀርመንኛ አያነብም። አንዳችም ነገር አይጎድልበትም።

እስከ ሴፕቴምበር አሥራ አምስት ፈርመሽ መላክ አለብሽ። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ልጅ ይሰጣል።
አጎትሽ ሸድሊ

*

ቃይረዋን፣ ጁን 27 ቀን 1992

ለሸድሊ፣

ሰላም ብዬሃለሁ፤ የሙስሊም ሰላምታ ግዴታ ስለሆነ ነው።

ካሁን በኋላ አንቱ አልልህም። ይኼ ቤት ውስጥ አንቱታ የሚገባው አባዬ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አንተ ነው የምለው።

ሱልጣን ነኝ ያለው እየቀለደ ነው! ሽንኩርት እየላጠ! ጽፌልህ ነበር እኮ፣ እንባው እየወረደ ብዬ! ሽንኩርቱን የት ጣልከው? ቢራቢሮዋንስ? ድመቷንስ? ሁሉንም ለቅመህ አውጥተህ ዝንቧን ብቻ አስቀረህ። አሥራ ስምንት ዓመት ጀርመን ስትቀመጥ የወንድምህን ቀልድ ረሳህ? አብራችሁ በአንድ ፍራሽ ያደጋችሁ አይደላችሁም?

እነዚያ ፈላስፎች እኛን ሳያዩ ነው ከመድረክ ወርዳችኋል ያሉት። አንተ ግን አይተኸናል። ስህተታቸውን ላሳይ ነው የተነሣሁት አልከኝ፤ ተነሥተህ ሄደህ እነሱ ጎን ተቀመጥክ። እነሱ እስልምናን በሙሉ ነው ያባረሩት፣ አንተ ደግሞ እኔን አስቀርተህ አባዬን አባረርክ።

አባዬ ጀርመንኛ አያነብም ትለኛለህ። ዐረብኛም አያነብም፤ እሱ ያላነበበው ላንተ ብሎ ነው። እኔ ግን አነባለሁ። እኔ አንብቤ እዚያ አገር ቁጭ ብዬ ዳቦ ልብላ?

የቤተሰብ ጭቆና ያልከው አሁን ገባኝ። ራስህን ማለትህ ነው።

አልፈርምም። ወረቀቱን ከፍራሼ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ያልቀደድኩት አንድ ቀን ፊትህ ላይ ለመቅደድ ነው።
ደሌንዳ

*

ጎቲንገን፣ ኦገስት 2 ቀን 1992

ለደሌንዳ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ስድብሽን ተቀብያለሁ፤ ልጅ ነሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ፍረጂ። እዚህ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። ስለ ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ «ከየት ነህ» ብሎ ነው። ስለ እኛ እኩልነት፣ ስለ እኛ ፍልስፍና አሥራ አንድ ዓመት ተናገርኩ፤ እያዛጉ ሰሙኝ። ያንቺን ደብዳቤ እኔ እንደማውቀው አድርጌ ሳነበው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብለው አደመጡኝ። ሽንኩርቱን ባስገባ ኖሮ ይስቁ ነበር። ሲስቁ ደግሞ በማን እንደሚስቁ አንቺ አታውቂም፣ እኔ አውቃለሁ።

የቋሚ መምህርነት ሹመቴ የሚወሰነው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሃምሳ ዓመቴ ሊሞላ ነው። ሌላ ዕድል የለኝም፤ አንቺም የለሽም። ምንጣፍ ስትሸምኚ ልታረጂ ነው?

አባትሽን «ልጅህ መሐንዲስ እንድትሆን ስምህ ቢጠፋ ትፈቅዳለህ?» ብለሽ ብትጠይቂው ምን የሚል ይመስልሻል? አንድ ጊዜ አስቢበት።

ቀኑ ሴፕቴምበር አሥራ አምስት መሆኑን አትርሺ።
ሸድሊ

*

ቃይረዋን፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1992

ለሸድሊ፣

ቀኑ ካለፈ በኋላ የምጽፍልህ ሆን ብዬ ነው። ሰላም ለአንተ ይሁን።

የኦገስቱ ደብዳቤህ የደረሰው አባዬ እጅ ነው። እንደ ልማዱ እያውለበለበ አመጣው፣ ተቀምጦ «አንብቢ» አለኝ። አነበብኩለት፦ ሰላም ብሏል፣ ደህና ነው፣ ብርዱ ጠፍቷል፣ እጅህን ይስማል። አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየ።

«ወረቀቱ ሙሉ ነው» አለ፣ «አንቺ ያነበብሽልኝ ሦስት መስመር ነው። እኔ ፊደል ነው የማልቆጥረው እንጂ መስመር እቆጥራለሁ።»

«ሌላው ፍልስፍና ነው፣ አባዬ።»

«ፍልስፍናውንም አንብቢው። ያስተማርኩት እኔ አይደለሁ?»

ከዚያች ቀን በፊት ለእሱ ዋሽቼ አላውቅም፤ ሁለተኛ መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉንም አነበብኩለት። ከፍራሼ ሥር ያለውንም አውጥቼ አነበብኩለት። ዘይቱ ላይ የነበረው መቅሩድ ከሰል ሆነ። አላወጣውም። «ሱልጣን?» አለና ሳቀ። ሲስቅ ደስ የሚለኝ ሰውዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ሳቁን መስማት አልቻልኩም።

ከዚያ «ወረቀትና ብዕር አምጪ፣ ጻፊ» አለኝ። እንዲህ አስጻፈኝ፦

«ሸድሊ ወንድሜ፣ እኔ ሳሲ ነኝ። ልጄን ሻሽ ያሳሰርኳት እኔ ነኝ። በዱላ። ዱላው ለጀርመኖቹ ካነሰ አንተ የመሰለህን ጨምርበት። ከትምህርት ቤት ያስቀረኋትም እኔ ነኝ። አንተ እንድትማር እኔ ሳልማር ቀረሁ፣ ምንም አልሆንኩም። እሷ እንድትማር ደግሞ ክፉ ሰው ልባል፣ አሁንም ምንም አልሆንም። ብቻ ውሰዳት። ብርድ አይምታት፣ ደረቷ ስስ ነው። ምላሷንም ታገሥ፣ ከእናቷ የወሰደችው ነው።»

ዱላ የምትለዋ ጋ ስደርስ ብዕሩን ወረወርኩት። «አልጽፍም!» አልኩት።

«ጻፊ ብዬሻለሁ!»

«ውሸት ነው እኮ፣ አባዬ!»

«ውሸት መሆኑን እኔና አንቺ ካወቅን አይበቃም? ጀርመን ውስጥ ማን ያውቀኛል? ጻፊ! በዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳ እኔ ያልኩት ይሁን!»

ጻፍኩ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሁለቱም ወረቀት ላይ ተጫነው፣ ያንተው መግለጫ ላይም እሱ ያስጻፈኝ ደብዳቤ ላይም። «ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለና ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ መጥበሻውን ሊያጥብ ሄደ።

በማግስቱ ፖስታውን ይዤ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ሦስት ሰው ነበረ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልፈርም ነበር። ብዕሩን ይዤ ነበር። መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ፤ አንተ ካልከውም በላይ እፈልጋለሁ። ግን የአውራ ጣቱን ምልክት አየሁት። ስለተቻኮለ ትንሽ ተንሻፏል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ምንም ነገር ላይ ፈርሞ አያውቅም፣ አንድ ቀን ሲፈርም በራሱ ላይ ይፈርማል? ልጁን በዱላ ይመታል የሚል ወረቀት ላይ?

ከሰልፉ ወጣሁ። ያው መንገድ ትምህርት ቤቱ ጋ ይወስዳል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁና «ወረቀቱን አምጣው» አልኩት። የትኛውን እንደሆነ ገባው። ከመሳቢያው አወጣው። «ሻሽ ዳግመኛ አላስርም፣ ያሰርኩትም ካለማወቅ ነው።» ሁለት የውሸት ወረቀት ነበረኝ፣ አንዱ አባዬ ላይ፣ አንዱ እኔ ላይ። እኔ ላይ ያለውን ፈረምኩ። ሰውየው ተነሥቶ ጨበጠኝ። «ጎበዝ፣ በመጨረሻ ነጻ ወጣሽ» አለኝ። በሕይወቴ መልስ እያለኝ ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ይኼን ስታነብ ደስ ሊልህ እንደሚችል አውቃለሁ። ለምዕራፍህ ጥሩ መጨረሻ ነው፤ ልጅቷ ጨርቋን አውልቃ ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች፣ ታሪክ ወደ ፊት ሄደ ትላለህ። ጽፈኸው ባገኝ አባዬ ይሞት፣ በእግሬም ቢሆን ጎቲንገን እመጣለሁ። የጣቱ ምልክት ያለባቸውን ወረቀቶች አቃጥያቸዋለሁ። ላንተ የተላከ ነገር የለም። ሌላ ልጅ ፈልግ፤ ሌላ አባት ግን አታገኝም፣ የነበረህ እሱ ነው።

ትናንት ትምህርት ተጀመረ። አባዬ ሱቁን ዘግቶ እስከ በሩ ሸኘኝ። ያን ሹራብ ለብሶ ነበር። ሲነጋ ደስ ብሎት ነበር፣ ቢራቢሮዋን ሁሉ በኪሱ ይዞልኝ መጥቷል። በሩ ጋ ስንደርስ ሻሹን ፈትቼ አጥፌ ሰጠሁት። ዓመቱን ሙሉ አውልቂው እያለ የለመነኝ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደውሉ እስኪደወል ድረስ አልተመለሰም። ቢራቢሮዋን ሳይሰጠኝ ነው የሄደው።

ማታ ሲገባ «ለሸድሊ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልህ?» አልኩት። መጥበሻውን መፈተጉን ቀጠለ። ሁለተኛ ጠየቅሁት። ሰምቶኛል።

ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ከአባዬ ሰላምታ የለም።

ደሌንዳ